እንጀራው ይቆይ፣ ዘይቱ ይለካ

ሀዋሳ ላይ ክብደት ለመቀነስ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በማቆም ነው። እንጀራ ያቆማል፣ እራት ያቆማል፣ ስኳር ያቆማል። በጠዋት ተነስቶ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይሮጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ 2 ኪሎ ይወርድለትና ደስ ይለዋል። ሁለተኛው ሳምንት ይከብደዋል። ከዚያ አንድ ሰርግ ወይም አንድ ልደት ይመጣል፤ በዚያው ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል። መጨረሻ ላይ "እኔ ቁርጠኝነት የለኝም" ብሎ ራሱን ይወቅሳል።

ይህ ወቀሳ ልክ አይደለም። ሰውነታችን ሲጎድልበት የሚያደርገው ነገር አለ። ሰውየው ያንን ሳያውቅ ነው ትግል የገጠመው።

መጀመሪያ ያቺን 2 ኪሎ እንያት። ጉበታችንና ጡንቻችን ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ አለ፤ ሲደመር ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። እያንዳንዱ ግራም ታዲያ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራና ዳቦ በድንገት ሲቀሩ ሰውነት ይህን ስንቅ ያወጣዋል፤ ውሃውም በሽንት ይሄዳል። ሚዛኑ የወረደው በአብዛኛው በውሃ ነው እንጂ በስብ አይደለም። ሁለት ቀን እንደ ልብ ሲበላ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡት "ቦርጭ አጥፊ" ሻዮች ብዙዎቹ የሚያሳዩት ለውጥም ይኸው ነው፤ ሆድ አስቀምጠው ውሃ ያስወጣሉ።

ስቡ ራሱ ዝም ብሎ የተኛ ነገር አይደለም። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን እያመነጨ ምን ያህል ስንቅ እንዳለ ለአንጎል ይናገራል። ይህ ሆርሞን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጎልም ረሃብ መጣ ብሎ ይደነግጣል። ሁለት ነገር ያደርጋል፦ የምናቃጥለውን ይቆጥባል፣ ፍላጎታችንን ይጨምራል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ ይህን በቁጥር አስልተውታል። ለእያንዳንዱ ለቀነስነው ኪሎ ሰውነት በቀን ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይቆጥባል፤ የመብላት ፍላጎት ግን በቀን 100 ካሎሪ ያህል ይጨምራል። 10 ኪሎ በአንዴ የጣለ ሰው እንግዲህ ከበፊቱ 1,000 ካሎሪ ያህል አብልጦ የሚጠይቅ ሆድ ይዞ ነው የሚውለው። ያንን በቁርጠኝነት ብቻ ለዓመታት መቻል ለማንም ይከብዳል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ብዙዎቹ የጣሉት ክብደት ተመልሶባቸው ነበር። ሰውነታቸውም ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል እየቆጠበ ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

(ካሎሪ ስል በማሸጊያዎች ላይ ኪሎ ካሎሪ ተብሎ የሚጻፈውን ነው። በአፍ ሁላችንም ካሎሪ ስለምንለው እንደዚያው ልቀጥል።)

ታዲያ ቀስ ብሎ መቀነስ ከዚህ ሁሉ ያድናል? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ሜልበርን ውስጥ 200 ያህል ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን በ12 ሳምንት፣ ሌላው በ36 ሳምንት እንዲቀንስ ተደረገ። ከ3 ዓመት በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ከጣሉት ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ መልሰው ነበር። ስለዚህ ዝግታው በራሱ መድኃኒት አይደለም። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው፦ ወሳኙ ፍጥነቱ ሳይሆን ለውጡ ከእኛ ጋር መቆየቱ ነው። ከ3 ዓመት በኋላም ሳትጨነቁ የምታደርጉትን ነገር ምረጡ። እንደዚህ ዓይነት ለውጥ ደግሞ ትንሽ ነው የሚሆነው። ትንሽ ስለሆነም ክብደቱ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው።

የትንሹን ዋጋ አትናቁ። አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የአኗኗር ለውጥ የተሰጠው ቡድን ግብ ከክብደቱ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በዚህ ብቻ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን የወሰዱት የቀነሰላቸው በ31 በመቶ ነው። 80 ኪሎ ለሆነች ሴት 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። የሠርግ ቀሚስ ላይ ብዙም አይታይ ይሆናል፤ ለደም ሥርና ለቆሽት ግን ትልቅ ነገር ነው።

100 ካሎሪ ምን ያህል ያስከስሳል?

የድሮው ስሌት እንዲህ ይል ነበር፦ 1 ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ነው፤ በቀን 100 ካሎሪ ብትቀንስ በዓመት 4 ኪሎ ከ700 ትከሳለህ፣ በ3 ዓመት 14 ኪሎ። ብዙ ሰው በዚህ ስሌት ተስፋ አድርጎ ተስፋ ቆርጧል። ሰውነት ሲቀንስ ቆጣቢ እንደሚሆን አይቆጥርማ!

የተሻለው ስሌት የኬቪን ሆል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። በቀን 100 ካሎሪ ለዘለቄታው ከቀነሳችሁ ክብደታችሁ በመጨረሻ 4 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ግማሹ በመጀመሪያው ዓመት፣ የቀረው አብዛኛው እስከ 3 ዓመት ድረስ። ከዚያ ይቆማል። ስትቆሙ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ያ ለውጥ የሚሰጠውን ሰጥቶ ጨርሷል ማለት ነው። ሌላ ከተፈለገ ሌላ ትንሽ ለውጥ ይደረብበታል። እንደዚህ ዓይነት ሦስት ለውጦች አንድ ላይ ሲሆኑ 300 ካሎሪ ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ 12 ኪሎ ገደማ ነው።

አሁን ጥያቄው 100 ካሎሪዋን ከየት እናንሳት የሚለው ነው። ከእንጀራ ካነሳናት ሆድ ወዲያው ያውቃል። ከሽሮው ወይም ከምስሩ ካነሳናት እንደዚያው። ሆድ ብዙም የማይቆጥራቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ፦ ወጥ ውስጥ ያለ ዘይትና ኩባያ ውስጥ ያለ ስኳር። ሁለቱም ብዙ ኃይል ይዘው፣ ቦታ ሳይዙ፣ ጥጋብ ሳይሰጡ ያልፋሉ። እኔ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ከእነዚህ ጀምር የምለው ለዚህ ነው።

የዘይት ጀሪካኑ

1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው። ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን 4፣ 4 ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው። 1 ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ ይሆናል።

ቤታችሁ ውስጥ 5 ሰው አለ እንበል። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን በወር ያልቃል እንበል። 41,000 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ለ5 ሰው ለ30 ቀን ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 270 ካሎሪ ይደርሰዋል። ያው ጀሪካን ወር ተኩል ቢቆይስ? ለአንድ ሰው በቀን 180 ይሆናል። ልዩነቱ 90 ካሎሪ ነው። ከላይ ያልኳት 100 ካሎሪ ተገኘች ማለት ይቻላል፤ አንድም ሰው እንጀራ አልቀነሰም። በዚህ የዘይት ዋጋ ኪስም ያመሰግናል።

ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ የሚያስብ ቤተሰብ ሚዛን ከመግዛቱ በፊት ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን እላዩ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። የግለሰብን ገበታ እየተከታተሉ መቁጠር እኛ ቤት አይሠራም፤ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ጀሪካኑ ግን የሁሉንም ይናገራል።

እንዴት ይቀነሳል? ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት ማንቆርቆር ይቅር፤ በማንኪያ ይለካ። ለውጡ በአብዛኛው ይኸው ነው። በእጅ የሚፈስ ዘይት ሁልጊዜ ከታሰበው ይበልጣል። ሁለተኛው እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፦ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላ። ሊያር ሲል ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ ማስነካት፣ በደንብ ሲበስል ዘይቱን መጨመር። ያን ጊዜ ጥቂት ዘይት ብዙ ያጣፍጣል። ሽንኩርት ከዘይት ጋር አብሮ ሲገባ ግን ያንን ሁሉ እየጠጣ ጨምሩልኝ ይላል። ወጡ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ ያልተሠራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ስትሉ በአንድ ቀን አትቀንሱ። 6 ማንኪያ የነበረውን 5 አድርጉ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ 4። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱን የሚያነሳ ሰው የለም።

ጾም ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። ጾም ያከሳል ብለን እንገምታለን፤ ነገር ግን የሥጋና የቅቤው ቦታ በዘይት ሲሞላ፣ ፍርፍሩ ሲርስ፣ ከሰዓት ላይ ሳምቡሳና ፓስቲ ሲጨመር ሁዳዴን ጹሞ የወፈረ ሰው ማየት አይገርምም። በረመዳን የማፍጠሪያው ሳምቡሳም እንደዚያው ነው። የጾሙ በያይነቱ ግን በራሱ ድንቅ ምግብ ነው። ምስርና ክክ ፕሮቲንም አሰርም አላቸው፤ የሚያጠግቡት እነሱ ናቸው። ጎመኑና ቀይ ሥሩ ቦታ ይሞላሉ። አዘውትሬ የምመክረው ነገር አለ፦ በአንድ ጉርሻ ውስጥ ወጡን ከፍ፣ እንጀራውን ዝቅ ማድረግ። እንጀራ ማቆም አያስፈልግም። ጭማሪው ጥቅል ሲመጣ ግማሹን ቆርሶ መመለስ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቤት ውስጥ ከ2 ዓመት በታች ሕፃን ወይም የቀጨጨ ልጅ ካለ ይህ የዘይት ቅነሳ እሱን አይመለከተውም። ትንሽ ሆድ ስላለው በጥቂት ምግብ ብዙ ኃይል ማግኘት አለበት። የእሱ ገንፎ ቅቤው እንዳለ ይቆይ።

ስኒ፣ ብርጭቆ፣ ጠርሙስ

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው፤ 16 ካሎሪ። ትንሽ ይመስላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት ሁለት ማንኪያ ሲጠጣ 6 ማንኪያ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከዚህ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለው የተጨማሪ ስኳር መጠን ይኸው ነው፤ 25 ግራም ገደማ። የጠዋትና የከሰዓት ሻይ፣ ለስላሳና ጁስ ገና አልተቆጠሩም።

ከቡናው አትነሱ። ቡናው ጎረቤት ነው፣ ወሬ ነው፤ እሱን ያቆመ ሰው ከሰው ይርቃል። ማንኪያውን ግን ከሁለት ወደ አንድ ተኩል አውርዱት። ምላስ በሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል። ከዚያ ወደ አንድ። ጤና አዳም ጣል የሚያደርጉበት ሰዎች ስኳር ሲቀንስ ብዙም አይከፋቸውም። ፈንዲሻው ላይ የሚነሰነሰውን ስኳር መተው ደግሞ ከሁሉ ይቀላል።

ለስላሳ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው፤ 130 ካሎሪ። በየቀኑ ከምሳ ጋር የሚጠጣ ሰው በውሃ ቢተካው በዚህች ብቻ ከ5 ኪሎ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ቢራም 330 ሚሊ ሊትሩ ወደ 140 ካሎሪ ይጠጋል።

የሀዋሳ ፈተና ጁስ ነው። የሲዳማ አቮካዶ በቅርብ አለ፣ ጁስ ቤት በየመንገዱ አለ፣ ስፕሪስም ጤናማ ተብሎ ነው የሚታዘዘው። አቮካዶ ጥሩ ምግብ ነው፤ 100 ግራሙ 160 ካሎሪ አለው፣ ቅባቱም ለልብ ተስማሚ ነው። ችግሩ ፍሬው ተፈጭቶ፣ ስኳር ተጨምሮበት፣ በትልቅ ብርጭቆ በ5 ደቂቃ መጠጣቱ ነው። በማንኪያ ቢበላ ግማሹ ያጠግባል፤ ሲጠጣ ግን ሙሉውም እራት አያስቀርም። ስለዚህ ጁሱ ከምሳ ወይም ከእራት በላይ ተጨማሪ አይሁን፤ ስታዝዙም "ስኳር አይግባበት" በሉ። ካልተናገራችሁ ይገባበታል። ሎሚ ተጨምቆበት ግማሽ አቮካዶ በዳቦ መብላት ደግሞ ጥሩ ቁርስ ነው።

አሞራ ገደል ሄዶ አሳ መብላትንም ብዙ ሰው እንደ ጤና ምግብ ይቆጥረዋል። አሳው ራሱ በእርግጥ ነው፤ 100 ግራም ቆሮሶ 100 ካሎሪ አይሞላም፣ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ዘይት ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ነው የሚለወጠው። የአሳ ሾርባው ከዳጣ ጋር ለተራ ቀን ይሁን፤ ጥብሱ ለእሁድ። ከልጆች ጋር ሐይቁ ዳር የሚበላውን የእሁድ ጥብስ ቀንሱ የሚል ምክር እኔ አልሰጥም። ሰው ደስ የሚለውን ሁሉ ከተነጠቀ ምንም አይቆይለትም። ክትፎና ቡርሳሜም በዚሁ መንገድ ይታሰቡ፤ የሚከብደው ቅቤው ነው።

"በሞቴ ብላ"

ሰው ቤት ተጋብዞ አልበላም ማለት ያስቀይማል። አክስት "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" ስትል ካሎሪ አይቆጠርም። የሚሻለው ቀስ ብሎ መብላት ነው። ጥጋብ ከሆድ ወደ አንጎል እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በፍጥነት የሚበላ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ መጥገቡን ሳያውቅ ይጨርሳል፤ ቀድሞ ስለጨረሰም መጀመሪያ ጭማሪ የሚደረግለት እሱ ነው። እጁ ትሪው ላይ ያለን ሰው ግን ማንም "ብላ እንጂ" አይለውም። የመጣውን ጉርሻ ተቀበሉ፣ በጨዋታ አቆዩት።

ሌላም ፈተና አለ። ስትወፍሩ "ተመችቶሃል" ይሏችኋል፤ ስትቀንሱ "ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?" ይመጣል። በፍጥነት የከሳ ሰው ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። በወር አንድ ኪሎ የማይሞላ ቅነሳ ግን ዓይን ውስጥ አይገባም። ሰው ሲያስተውል ፊታችሁም አብሮ ለምዶታል።

ልማድ እስኪሆን ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት መካከለኛውን 66 ቀን አግኝቶታል፤ አንዳንዱ በ18 ቀን፣ አንዳንዱ እስከ 254 ቀን። በጣም የሚያጽናናው ግን ሌላው ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። ለፋሲካ ዶሮውንም ቁርጡንም የበላ ሰው ማግስቱን ወደ አንድ ተኩል ማንኪያው ይመለስ፤ በቃ። እየደረቡ ሁለት ሦስት ለውጥ በአንድ ጊዜ መጀመር ግን አልወድም። አንዱ ሳይታሰብ የሚደረግ ሲሆን ነው ሌላው የሚጨመረው።

ሚዛን ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መውጣት ይበቃል። የዕለት ለውጥ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ሚዛን ለሌለው ሰው ክር አለ። ቁመታችሁን በክር ለኩና ለሁለት እጠፉት። የታጠፈው ክር ወገባችሁን ከዞረ ጥሩ ነው፤ ካልደረሰ ሆድ አካባቢ ያለው ስብ ልብንና ስኳርን የሚመለከት ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የሱሪ ቀበቶም በየወሩ ይናገራል። ከባጃጅ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መሄድ፣ ብስክሌት ያለው በብስክሌት መንቀሳቀስ ደግሞ የቀነሰው እንዳይመለስ ይረዳል፤ ሀዋሳ ሜዳ ስለሆነች ሰበብ የለንም።

እርጉዝና የምታጠባ እናት ክብደት ለመቀነስ ብላ ምግብ አትቀንስ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው አበላሉን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ምግብ ቀንሶ መድኃኒቱ እንደነበረ ከቀጠለ ስኳሩ ወርዶ ሊጥለው ይችላል። በሳምንት ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ መጣል የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ "በወር 10 ኪሎ" የሚል ማስታወቂያ የሚያጓጓ ሳይሆን የሚያስፈራ ነው። ምንም ሳይቀይር ልብሱ የሚሰፋበት ሰው ካለ ደግሞ እንኳን ደስ ያለህ አትበሉት። ቲቢ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂድ።